«ከአባ ኮዳ በቀር ምንም አላየንም» ለምትሉ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ የማየት ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ሄደው የተመለሱ ሰዎችን «ወፎቹስ እንዴት ነበሩ?» ስላቸው የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ «ከአባ ኮዳ በቀር ምንም አላየንም» ይሉኛል። (አባ ኮዳ ማለት ዓሣ ገበያው ላይ የሚቆመው ትልቁ ወፍ፣ ማራቡ ስቶርክ ነው።) አዝናለሁ፤ ወፎቹ እዚያው፣ ከቆሙበት ቦታ 20 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እንደነበሩ አውቃለሁና። ስህተቱም ሁሌ ተመሳሳይ ነው። ረፋድ ላይ ይመጣሉ፣ እየተራመዱ ያያሉ፣ ወፉን በቅጡ ሳያዩት ስሙን ፍለጋ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ።

ይህ መመሪያ ለአንድ ጠዋት ነው፤ ከንጋት እስከ 4 ሰዓት። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ፤ ዛፎቹን አስቀድሞ ውሃውን ያስከተለ ሰው የውሃውን ጥሩ ሰዓት ያጣዋል።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ ወፎች ሁላችንም የምንስማማበት የአማርኛ ስም የላቸውም። ያለውን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ለሌላው መለያ መጽሐፍ ላይ እንድታገኙት የእንግሊዝኛውን ስም እጠቀማለሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ተገኙ። ምክንያቱ የወፎቹ ማለዳ መነሳት ብቻ አይደለም። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትወጣና የወፉን ቀለም ፊት ለፊት ታበራላችኋለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ሆና ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ነጩም ቡናማውም ወፍ ጥቁር ጥላ ይሆናል። በዚያ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ትንንሾቹ ወፎች ፊላው ውስጥ ይገባሉ።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ያዙ። ያኔ የአገሩ ወፎች ላይ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡት ይጨመራሉ።

እሑድንና የበዓል ቀንን ተዉት። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ በእሑድ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ለወፍ ግን ሰው ይበዛበታል።

ደረጃ 2፦ ዕቃችሁን ማታውኑ አዘጋጁ

ባይኖኩላር፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ሹራብ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እስክሪብቶ በጤዛ የራሰ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ልብሳችሁ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም አመድማ ይሁን። ነጭ ነጠላና ቀይ ጃኬት ከሩቅ ይታያሉ።

ባይኖኩላር ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ላዩ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቱ። 8 በ42 ለሐይቅ ዳር ከሁሉ ይሻላል፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ስለሆነም በንጋት ደብዛዛ ብርሃን በደንብ ያሳያል። «ብዙ የሚያቀርብ ይሻላል» ብላችሁ 20 ጊዜ የሚያቀርብ አትግዙ። የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል፤ ወፉን ማግኘትም ከባድ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ ከውጭ አገር ለምትመጡ፦ ባይኖኩላር ይዛችሁ ከመብረራችሁ በፊት የጉምሩክን ደንብ አጣሩ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞባቸው ያለ ባይኖኩላር ሐዋሳ የደረሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ካለ ሰው መዋስ ከቻላችሁ ያ ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ባይኖኩላሩን ለዓይናችሁ ልክ አድርጉ

ይህን ቤት ሳላችሁ ጨርሱት። «ባይኖኩላር አይሆንልኝም» ከሚሉኝ አብዛኞቹ ያላስተካከሉት ናቸው።

1. መነጽር የማታደርጉ ከሆነ የዓይን ማሳረፊያዎቹን ጎማዎች ወደ ውጭ አውጡ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ መነጽራችሁንም አታውልቁ።

2. ሁለቱን ቱቦዎች እያጠበባችሁና እያሰፋችሁ የምታዩት አንድ ክብ እስኪሆን አስተካክሉ። ሁለት ክብ ወይም ጥቁር ጥላ ከታያችሁ ገና ነው።

3. 30 ሜትር ያህል የራቀ ጽሑፍ ፈልጉ፤ የሱቅ ማስታወቂያ ይበቃል። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ሸፍኑና በግራ ዓይናችሁ ብቻ እያያችሁ ፊደሉ ጥርት እስኪል የመሐሉን መዘውር አዙሩ።

4. አሁን የግራውን ሸፍኑ። የመሐሉን መዘውር አትንኩ። በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ትንሽ ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ያንኑ ጽሑፍ አጥሩት።

5. ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ። ከዚህ በኋላ ለቅርብም ለሩቅም የምታዞሩት የመሐሉን ብቻ ነው። ባይኖኩላሩን ለሌላ ሰው ካዋሳችሁ ስትቀበሉ ቀለበቱን መልሳችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ልምምድ አለ። ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል ምረጡና ዓይናችሁን ሳትነቅሉ፣ ጭንቅላታችሁንም ሳታንቀሳቅሱ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ቁልፉ ይህ ነው፤ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ዓይን ወደ ባይኖኩላሩ ዝቅ አይልም። ዝቅ ብላችሁ አይታችሁት ቀና ስትሉ ወፉ የነበረበት ቅርንጫፍ ጠፍቷል። 20 ጊዜ ደጋግሙት። እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ወፍ ፍለጋ አትውጡ።

ልጆች አብረዋችሁ ካሉ በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ደረጃ 4፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጡ

ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዛችሁ ፍቅር ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ፊላና ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሰፋፊ ቅጠል ያለበት ጥግ ፈልጉ። ከፊት ለፊታችሁ ሦስቱ ነገሮች ማለትም ፊላው፣ ቅጠሉና ባዶው ውሃ አብረው የሚታዩበት ቦታ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ዛፍ ተደገፉና ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ባዶ ይሆናሉ። ስትመጡ የሸሹት ወፎች ገና አልተመለሱም። አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አትነሱ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ጣት አትቀስሩ፣ ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉት። ወፍ ቀስ ብሎ የሚዞር ጭንቅላትን ይታገሳል፤ በድንገት የተዘረጋ ክንድን ግን አይታገስም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሎቹን እዩ። ጃካና የምትገኘው እዚያ ነው። ሰውነቷ እንደ ደረቀ ቡና ልጣጭ ቀይ ቡናማ፣ አንገቷ ፊት ለፊት ነጭ፣ ግንባሯ ላይ ውሃ ሰማያዊ ምልክት አላት። እግሯን ስታነሳ ተመልከቱ፤ ጣቶቿና ጥፍሮቿ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ ቅጠሉ ላይ ይሰራጫል፣ ቅጠሉ ትንሽ ይረግባል እንጂ አይሰምጥም። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ በክንፎቹ ሥር ሸጉጧቸው ይሸሻል። አንድ ጃካና ከጎንና ከጎኑ ብዙ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለውለት ካያችሁ ዓይናችሁን አትጠራጠሩ፤ የልጆቹ እግሮች ናቸው።

እዚያው ቅጠሉ መሐል በጣም ትንሽ፣ ጎኗ ብርቱካናማ፣ ፊቷ ነጭ የሆነች ዳክዬ መሰል ወፍ ልታጋጥማችሁ ትችላለች፤ ፒግሚ ጉስ ናት። ዝም ብላ ስለምትንሳፈፍ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ካልፈተሻችሁ ታመልጣችኋለች።

ሁለተኛ የፊላውን ሥር እዩ። ከላዩ ሳይሆን ውሃውን ከሚነካበት መስመር ጀምሩ። ብላክ ክሬክ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቢጫ፣ እግሩ ቀይ የሆነ ወፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቅ ብሎ ይገባል። በገባበት ቦታ ላይ ባይኖኩላራችሁን አቆዩት፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ አለፍ ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛ እንጨትና ገመድ ላይ ያረፈውን እዩ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ክንፉን እያርገበገበ የሚቆም፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ የሚወድቀው ፓይድ ኪንግፊሸር ነው። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ካለው ወንድ፣ አንድ ብቻ ከሆነና መሐሉ ከተቆረጠ ሴት ናት። ከእሱ በጣም የምታንሰው፣ ጀርባዋ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሆዷ ቀይ ዳማ የሆነችው ማላካይት ኪንግፊሸር ናት፤ የጎልማሳዋ ምንቃር ቀይ ነው፣ የወጣቷ ግን ጥቁር።

አራተኛ፣ መጨረሻ ላይ፣ ሰማዩንና የዛፎቹን ጫፍ እዩ። ራሱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ከሩቅ ትሰሙታላችሁ። ወጣቱ ግን ነጭ ራስ የለውም፤ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። እኔ ራሴ አንድ ጠዋት ሙሉ ወጣቱን ስከተል ውዬ ደብተሬ ላይ የሌላ ንስር ስም ጽፌ ተመልሻለሁ። ስህተቱን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ወላጆቹ አጠገብ ቆሞ ሳገኘው ነው።

ደረጃ 5፦ ከስም በፊት ጻፉ

ወፉ ፊት ለፊታችሁ እያለ መጽሐፍም ስልክም አትክፈቱ። አንገታችሁን ቀና ስታደርጉ የለም። በዚህ ፈንታ እያያችሁ አምስት ነገር ጻፉ፦ መጠኑ ከምን ጋር ይተካከላል (ከድንቢጥ፣ ከእርግብ፣ ከዶሮ)፣ የምንቃሩ ቅርጽና ቀለም፣ የእግሩ ቀለም፣ ምን እያደረገ ነው፣ የት ላይ ነው። የላባው ቀለም ስድስተኛ ይሁን። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከላባ ነው፤ ላባ ግን በዕድሜ፣ በጾታና በብርሃን ይለዋወጣል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጫን በነጮቹ ወፎች ላሳያችሁ። ብዙዎቻችን ነጭና ረጅም እግር ያለውን ሁሉ ሳቢሳ ብለን እናልፈዋለን። በአንድ ጠዋት ግን ሦስት የተለያዩ ወፎች ፊታችሁ ቆመው ሊሆን ይችላል። ከከብት ኋላ ሣር ላይ እየተራመደ ነፍሳት የሚለቅመው፣ አንገተ አጭሩና ምንቃረ ቢጫው ካትል ኢግሬት ነው። ምንቃሩም እግሩም ጥቁር ሆኖ ጣቶቹ ብቻ ቢጫ የሆኑት ሊትል ኢግሬት ነው፤ እግሩን ከጭቃ እስኪያወጣ ታገሱ፣ አለበለዚያ ጣቶቹን አታዩም። ከሁሉም የሚረዝመው፣ አንገቱ የተቆለመመውና የአፉ መስመር ዓይኑን አልፎ ወደ ኋላ የሚሄደው ግሬት ኢግሬት ነው። ሦስቱም ነጭ ናቸው። «ነጭ ወፍ» ብሎ የጻፈ ሰው ማታ ቤቱ ተቀምጦ የትኛውንም ሊለይ አይችልም፤ «ጥቁር እግር፣ ቢጫ ጣት» ያለው ግን በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል።

በነጻ የሚወርደውን መርሊን የተባለ መተግበሪያ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ኢትዮጵያን የሚያካትተውን ጥቅል ቤት ሳላችሁ ዋይፋይ ላይ ጫኑት። የሚሰጣችሁን ግን እንደ ጥቆማ ውሰዱት። ደብተራችሁ «ቀይ እግር» እያለ ስልኩ ያቀረበላችሁ ወፍ እግሩ ቢጫ ከሆነ ደብተራችሁን እመኑ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ወፍ ለመጥራት በስልክ የወፍ ድምፅ አትክፈቱ። እኔ አድርጌዋለሁ። ቁጥቋጦ ውስጥ የነበረ ወፍ ድምፁን ሰምቶ ወጣ፤ ምንቃሩ ውስጥ ትል ይዞ ነበር። ተቀናቃኝ የገባበት መስሎት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ሲጮህ ትሉ ወደቀበት፤ ጫጩቶቹም ከኋላው ሲጮሁ ይሰሙኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቼ አላውቅም።

ደረጃ 6፦ ወደ ዛፎቹ ተሻገሩ

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱና የዳርቻውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታቦር ተራራ በኩል ቀስ ብላችሁ ሂዱ። 20 እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ መቆም።

ሾላና ዋርካ ስታገኙ መጀመሪያ መሬቱን እዩ። የተጨፈለቀ ፍሬና ትኩስ ኩስ ካለ ዛፉ ላይ ተመጋቢ አለ፤ ጠብቁ። መሬቱ ንጹሕ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። ፍሬ በያዘ ዛፍ ላይ ሲልቨሪ ቺክድ ሆርንቢል ታገኛላችሁ፤ ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከላያችሁ ስለሚሰማ ከማየታችሁ በፊት ታውቁታላችሁ። ላቭበርድ የሚባሉት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖችም ይመጣሉ፤ ብላክ ዊንግድ የሚባለው ዝርያቸው በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለም። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው።

ግንደ ቆርቁርን በጆሮ ፈልጉት። ኩርኩሩ ሲሰማ ቆማችሁ አቅጣጫውን ያዙና ግንዱን ከታች ወደ ላይ ፈትሹ።

ለጓደኛችሁ ወፍ ስታሳዩ «3 ሰዓት ላይ» እያላችሁ በሰዓት አቅጣጫ አትጠቁሙ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የብዙ ሰው ሰዓት አጭር ቆጣሪ 9 ላይ ስለሚቆም አንዱ ግራ ሌላው ቀኝ ያያል። «ከግንዱ ወደ ግራ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ጫፉ ላይ» በሉ።

ጦጣዎቹ ምግብ ያያሉ። ዳቦና ሙዝ ከቦርሳ አታውጡ፣ አታብሏቸውም። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ግን ከሥራቸው አትቁሙ።

ደረጃ 7፦ አሞራ ገደልን፣ የዓሣ ገበያውን፣ መጨረሻ ላይ አድርጉት

ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡትን ቆሮሶና አምባዛ ሲያጸዱ ወፉ ሁሉ እዚያ ነው። ለመግቢያ ዝርዝር ብር ያዙ። አባ ኮዳን አትናቁት፤ በቅርብ ለማየት እንደዚህ ያለ ቦታ ብዙ የለም። እግሩ ነጭ የመሰለው በራሱ ኩስ ነው፤ ሙቀቱን ለማብረድ እግሩ ላይ ይጸዳዳል።

እሱን ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁን ከእሱ አንሱና በእግሮቹ መሐል እዩ። ቡናማው ሃመርኮፕ እዚያ ነው፤ ራሱ ከፊት ምንቃር ከኋላ ጉትዬ ስላለው መዶሻ ይመስላል። በአካባቢው ዛፍ ላይ ጉድ የሚያሰኝ የእንጨት ክምር ካያችሁ ጎጆው ነው።

ዓሣ ወርውራችሁ አባ ኮዳን አታቅርቡ፤ ምንቃሩ ለሕፃን ፊት አደገኛ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ደግሞም ዓሣ አጥማጆቹን አነጋግሩ። አንድ ሽማግሌን «አባባ፣ ትንሿ ዳክዬ የት ነው የምትውለው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ መረብ የማንጥልበት ቅጠሉ ውስጥ ነዋ» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጠዋት ፈልጌ አጥቻት ነበር።

ጀልባ ከያዛችሁ ሕይወት አድን ጃኬት ከሌለው አትግቡ። ቅጠሉ ከመድረሱ በፊት ሞተር እንዲያጠፋ፣ ከጉማሬም እንዲርቅ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ጥቁር ውሃ ለመሄድ ካሰባችሁ

በከተማዋ ሰሜናዊ መግቢያ ያለው ረግረግ ወፉ ብዙ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክረውም። ጉማሬ አለ። ሳይነጋና ሲመሽ አትሂዱ፣ ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ፣ በጉማሬና በውሃው መሐል ፈጽሞ አትቁሙ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ከብት የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ። ድልድዩንና ቤቶችን በባይኖኩላር አትቃኙ፤ ሰው ሲጠይቃችሁ ባይኖኩላሩን ሰጥታችሁ ወፉን አሳዩት፤ ጥርጣሬው እዚያው ያልቃል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሌንሱ ጉም ከያዘ፦ በነጠላ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉት፤ አሸዋው ይጭረዋል። ከዓይናችሁ አርቃችሁ አየር አስገቡለት፣ አቧራውን እፍ በሉት፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ።

ራስ ምታት ከጀመራችሁ፦ ሁለቱ ዓይኖች እኩል አልጠሩም ማለት ነው። ደረጃ 3ን ከቁጥር 2 ጀምሮ ድገሙት።

ወፉ ከባይኖኩላሩ ከጠፋባችሁ፦ አታሳድዱት። ባይኖኩላሩን አውርዱ፣ በባዶ ዓይን እንቅስቃሴ ፈልጉ፣ እንደገና አንሱ።

ወፉ ደጋግሞ ከጮኸ፣ ወይም ምግብ ይዞ ጎጆው መግባት ካቃተው፦ የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ። በመጣችሁበት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ፎቶው ይቅር።

የዓሣ ገመድ የተጠመጠመበት ወፍ ካገኛችሁ፦ በባዶ እጅ አትያዙት፣ መንጠቆውን አትጎትቱ። ሳቢሳና መሰሎቹ ዓይን ይወጋሉ። ልምድ ያለው ዓሣ አጥማጅ ፈልጉ፤ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ምንቃሩን ይዞ፣ ገመዱን በመቀስ ይቆርጠዋል።

ነገር ውሃው ውስጥ ከወደቀባችሁ፦ ጫማ አውልቃችሁ አትግቡ። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። በእንጨት አውጡት ወይም ጀልባ ያለው ሰው ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ የዚያኑ ቀን ማታ ደብተሩን ክፈቱ

ትዝታው ሳይደበዝዝ አምስቱን ነጥቦች ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ። ሥዕሉን ብቻ አትዩ፤ ካርታውንም ተመልከቱና ወፉ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚኖር መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ነጥብ እንኳ ካልገጠመ ስም አትስጡት፤ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉና ከጎኑ ምን ማየት እንደቀራችሁ አስፍሩ፦ «እግሩን አላየሁም»፣ «ሲበር አላየሁም»። በሚቀጥለው ጠዋት በ12 ሰዓት እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጡና መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ይሁን።